ድልድይ አንሺዎቹ

የመጀመሪያው ፊልሜ ታጥቦ ሲወጣ አንድም ሰው ጭንቅላት አልነበረውም።

እናቴ ከአንገቷ በታች፣ እህቴ ከአገጯ በታች፣ የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ከካፖርቱ ኮሌታ በታች ቆመዋል። ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ ባንኮኒ ፊት ቆሜ ፖስታውን ከፈትኩና አንዱን ሳወጣ አንገት፣ ሌላውን ሳወጣ ትከሻ። ሳነሳቸው ሁሉም ፈገግ ብለው እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ፈገግታቸው የት ገባ?

ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል የነርስ ጋዋን በክንዷ ያንጠለጠለች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማለች። አፏን በእጇ አፍናዋለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ይቅርታ እህቴ» አለችኝ፣ «በናትሽ ይቅርታ። ግን ልብሳቸው እንዴት ያምራል!»

ልቆጣ ነበር። አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ።

ካሜራውን የሰጠኝ አጎቴ ነው። ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ከርሞ ሲመለስ ለእናቴ ወፍራም ሻል፣ ለእኔ ደግሞ እንደ ጡብ የሚከብድ ካሜራ ይዞ መጣ። እኔ ያኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የምጽፈው ሌላ ሰው የተናገረውን ነው። «ጉዳዩ» ይላል፣ እጽፋለሁ፤ «ግልባጭ» ይላል፣ እጽፋለሁ። ያን ካሜራ አንገቴ ላይ ሳጠልቀው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ የሆነ ነገር የምናገር መሰለኝ። አንገቴን ያሳመመኝ ቢሆንም ለቀናት አላወለቅኩትም። እናቴ «እራት ላይ እንኳ አውርጂው እንጂ» ትለኝ ነበር።

ነርሷ የራሷን ፖስታ ከፍታ አሳየችኝ። የእሷ ሰዎች ጭንቅላት አላቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሁለት ሁለት። አገሩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል።

«ልጫን ስል ሳቄ ይመጣል» አለች። «ሰው ዝም ብሎ ሲቆም፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ... አልችልም። ነይ፣ እኛ ጋ ነይ። እንዳንቺ ዓይነት ሰው ነው የጎደለን።»

«እነማን ጋ?»

«እሑድ ታያለሽ።»

እሑድ ከሰዓት ፒያሳ ወዳለ አንድ ኬክ ቤት ወሰደችኝ። ከጥጉ ጠረጴዛ ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው እዚያው ፒያሳ ትንሽ ወርቅ ቤት ያላቸው አዛውንት ናቸው። ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው አራዳ የከተሙ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ጣሊያን የገዙት፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ አሮጌ ካሜራ ነበራቸው። ሰው ሊያነሱ ሲሉ በትግርኛ ነው የሚቆጥሩት። «ሓደ፣ ክልተ» ሲሉ ተነሺው ሦስተኛውን እየጠበቀ ገና ፊቱን ሲያሰናዳ እሳቸው ጨርሰዋል። ፎቷቸው ላይ ሰው ሁሉ ሕይወት ያለው የሚመስለው ለዚህ ነበር።

ሁለተኛው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከተቀመጠም በኋላ የቆመ የሚመስል። ፀሐይ ምንጊዜም ከአንሺው ኋላ መሆን አለባት የሚል ሕግ መጽሐፍ ላይ አንብቦ አንድ ቀን እንኳ ጥሶት አያውቅም። ስለዚህ በየፎቶው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ክርኖቹን ወደ ጎን የዘረጋ ረጅም ጥቁር ጥላ ተኝቷል። እሱ ራሱ ነው።

ወርቅ ሠሪው ወንበር ሳቡልኝና «እዚህ አንድ ደንብ ብቻ ነው ያለን» አሉኝ። «መጀመሪያ ደስ ያለንን እንናገራለን። ከዚያ ለሚቀጥለው ምን ቢደረግ እንደሚሻል እንናገራለን። ‹አይረባም› የሚል ቃል እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። በይ አውጪው።»

አፍሬ አንድ በአንድ ደረደርኩላቸው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር።

«የዘበኛው ቁልፎች» አለ። «እያንዳንዱ የካፖርት ቁልፍ ላይ ብርሃን አለ። እኔ እንዲህ ያለ ብርሃን አግኝቼ አላውቅም።»

«የናትሽን እጅ ተመልከቺ» አሉ ወርቅ ሠሪው። «ነጠላቸውን እንዴት እንደያዙት አየሽ? ጭንቅላታቸው ቢኖር ኖሮ ዓይናችን ፊታቸው ላይ ይውል ነበር፤ እጃቸውን ማን ያየው ነበር?»

የእናቴን እጅ እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ነርሷ «ለሚቀጥለው ግን አንዲት ጭንቅላት ብትጨመር» ብላ አሳቀችኝ። ወርቅ ሠሪውም ለሚቀጥለው ይሻላል ያሉትን ተናገሩ።

«ልጄ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ። ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።»

ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ ለእኔ ሌላ ሆነ። ሰኞ ጠዋት እየጻፍኩ እሑድን አስባለሁ። ከመሥሪያ ቤት ስወጣ መንገዱ ሁሉ ፎቶ ይሆንብኛል፤ የጫማ ጠራጊ ሳጥን፣ የአውቶቡስ መስኮት ላይ የተጣበቀ አፍንጫ፣ ከዝናብ በኋላ አስፋልቱ ላይ ተገልብጦ የቆመ ሕንፃ። ፊልም እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ካሜራውን አንስቼ እያለምኩ ሳልጫን የምመልሰው ይበዛል። እሑድ ሲደርስ ግን አራታችንም ፖስታችንን ይዘን፣ የማኪያቶ ብርጭቆዎቻችንን ወንበር ላይ አውርደን፣ ጠረጴዛውን በፎቶ እንሸፍነዋለን። አንዱ ፎቶ እጅ ለእጅ ሲዞር ሌሎቻችን ትንፋሻችንን ይዘን የሚያየውን ሰው ቅንድብ እንከታተላለን። ቅንድቡ ከፍ ካለ ልባችንም ከፍ ይላል። አስተናጋጁ እንኳ ትሪውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይሰየማል።

አንድ እሑድ፣ የመጋቢት ነፋስ ሲነፍስ፣ መጀመሪያ አንስተን በኋላ ኬክ ቤት እንገናኝ ተባባልንና አራታችንም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። የሳምንቱን ፎቶዎች የያዙት ፖስታዎች በየቦርሳችን አሉ። ድልድዩ አካባቢ እንደ ወትሮው ሰው በሰው ነው። ታክሲ ይጮኻል፣ ነጋዴዎች መደባቸውን ዘርግተዋል። ነርሷን ከድልድዩ ጋር አንድ ላይ ላነሳት ፈለግኩ። ጭንቅላቷ እንዳይቀር ደግሞ የተመከርኩትን አስታወስኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ጭንቅላቷ ገባ፤ ድልድዩ ግን አልገባም። ሌላ እርምጃ ሄድኩ። ትንሽ ቀረኝ። ሌላም ሄድኩ።

ቲማቲም ላይ ተቀመጥኩ።

ጥቂት አይደለም፤ በሥርዓት ተደርድሮ የተከመረ የአንዲት ነጋዴ ቲማቲም ላይ፣ እንደ ሶፋ ተመቻችቼ። ካሜራዬን ወደ ላይ አንስቼ አተረፍኩት። ነጋዴዋ ጮኸች። ነርሷ ሆዷን ይዛ መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለች። መምህሩ ፀሐይዋን ወደ ኋላው ለማድረግ እየተሽከረከረ ሊያነሳኝ ይሞክራል። ወርቅ ሠሪው «ሓደ፣ ክልተ» ሲሉ ይሰማኛል።

«ቁሙ! ማነው ድልድዩን የሚያነሳው?»

ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ነው። ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ድልድይ ፎቶ ማንሳት ክልክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ብቻ ከሳቁ ብዛት ድልድይ ላይ መሆናችንን ረስተነዋል። ነርሷ ሳቋን ሳትጨርስ ነበርና ቃሉ ከአፏ አመለጣት።

«ማን ያነሳዋል ወንድሜ! አራታችን ብንጋገዝም አንችለውም!»

የታክሲ ረዳቶች በሳቅ ፈነዱ። ጥበቃው አልሳቀም። «ቅደሙ» አለ፣ በጠመንጃው አፍ መንገዱን እያሳየ። «ወደ ቀበሌ።»

ያ ክፉው የቀይ ሽብር ጊዜ አልፎ ነበር። ቢሆንም ቀበሌ የሚለው ቃል ከጠመንጃ ጋር ሲመጣ ጉልበት ያስታውሰዋል። መምህሩ ወንድሙን ያጣው በዚያ ጊዜ ነው። ስለ እሱ አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን ቁመቱ ያጠረ መሰለኝ። ወርቅ ሠሪው ኮፍያቸውን አስተካክለው በዝግታ፣ «ቀና ብላችሁ ሂዱ ልጆች» አሉን። «የሰረቅነው ነገር የለም።» ከኋላችን ነጋዴዋ የፈረጡትን ቲማቲሞች በቅርጫት ይዛ «የኔንስ? የኔንስ ማን ሊዳኝ ነው?» እያለች ትከተለናለች።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሦስቱ ባለጢም ሰዎች ሥዕል ተሰቅሏል። ከሥዕሉ ሥር ሊቀመንበሩ ተቀምጠዋል። ወፍራም፣ ካኪ የለበሱ፣ ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሰው ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ኋላ ነው የሰማነው። ገና ስገባ ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ አረፈ።

«ይሄ ደም ነው?» ብለው ተነሱ።

«ቲማቲም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

«የኔ ቲማቲም!» አለች ነጋዴዋ ከበሩ።

ጥበቃው ድልድይ ሲያነሱ ያዝኳቸው፣ ሰላዮች ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ያኔ ነጋዴዋ እየገፋች ወደ ፊት መጣች። ልታስፈርድብን ነበር የመጣችው፤ ሰላይ የሚለውን ስትሰማ ግን በሌላ ነገር ተናደደች።

«ማን ናት ሰላይዋ? ይቺ? ይቺ ሰላይ ከሆነች እኔ ጄኔራል ነኝ! ሰላይ ፊት ፊቱን እያየ ነው የሚሄደው። ይቺ የኋሊት ሄዳ ቲማቲም ላይ የምትቀመጥ ናት!»

ሊቀመንበሩ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ቦርሳችንን ገልብጠን ያለንን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንድናወጣ አዘዙ። አራቱ ፖስታዎች ወጡ። የላይኛው የእኔ ነበር። አንድ ፎቶ መዝዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሰው ፎቶ ነው።»

«ጭንቅላቱስ?»

«ተቆርጦ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

ነርሷ ከጎኔ ትንፋሿን ስትውጥ ተሰማኝ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ።

«ኮሌታው ግን ጥሩ ተሰፍቷል» አሉ።

ወርቅ ሠሪው ይህችን ቀዳዳ አላሳለፏትም። «ይኸው እንግዲህ!» አሉ። «የእኛም ደንብ ይሄው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። በየሳምንቱ ተገናኝተን ፎቷችንን እንተያያለን። መጀመሪያ ጥሩውን እንናገራለን፤ ከዚያ ለሚቀጥለው የሚሻለውን።»

«ለሚቀጥለው የሚሻለውን» ብለው ደገሙት ሊቀመንበሩ። ፎቶውን እንደገና አዩት። «ለሚቀጥለው ጭንቅላት ይጨመርበት።»

መጀመሪያ የሳቀው ጥበቃው ነው። ከዚያ እኛን ማን ይያዘን! ነርሷ ግድግዳ ተደገፈች፤ ነጋዴዋ ቅርጫቷን አስቀምጣ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሊቀመንበሩ አንዱን ፖስታ ከፍተው ሌላውን ያነሳሉ። ሌሎች ጥበቃዎችም ገብተው በጠረጴዛው ዙሪያ ከበቡ። የያዘን ወጣት የመምህሩን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ ጥቁር ሰውዬ ማነው? በሄዳችሁበት ሁሉ እየተከታተላችሁ ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ መምህሩ፣ ጆሮው እስኪቀላ እየሳቀ። ከድልድዩ ጀምሮ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ላቅፈው ዳዳኝ።

ከዚያ ቢሮ የወጣነው ታስረን ሳይሆን ታዘን ነው። የሠራተኞች ቀን እየደረሰ ነበር። የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ከባለጢሞቹ በስተቀር ባዶ ነው፤ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ደግሞ እንግዶች ይመጣሉ። «ስለዚህ የሰፈራችንን ሠርቶ አደር አንሱና ስቀሉልኝ» አሉ ሊቀመንበሩ። ነርሷ «ሰውየውን ወይስ ፎቶውን?» ልትል አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥኳት። «ድልድይ ግን አታንሱ» ብለው ጨመሩ። ጥበቃው በር ድረስ ሸኘንና ለጓደኞቹ «እነዚህ ናቸው ድልድይ አንሺዎቹ» ብሎ አስተዋወቀን። በዚያ ሰፈር ስማችን ይኸው ሆኖ ቀረ።

የቀበሌው ሰፈር እሪ በከንቱ ስንገባ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሰው ሁሉ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ከየበሩ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ሬዲዮኗን አውጥታ እንደ ልጅ አቀፈችው። አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር መኪና ባይኖራቸውም መሪ እንደያዙ ሆነው ካልተነሳሁ አሉ። ወንዶቹ ደግሞ እኛ ያላወቅነው አንድ ምሥጢር ነበራቸው። አንዱን አንስተን ወደሚቀጥለው ቤት ስንዞር ከኋላችን ሩጫ እንሰማለን፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባንም። ባለቲማቲሟ ከመደቧ ኋላ ቆማ «ከዚህ ፈቀቅ እንዳትይ» ብላ የቆምኩበትን ቦታ በእግሯ አሰመረችልኝ። ነርሷ እየሳቀች ሰዉን ታስቃለች፤ ሲስቁ እኛ እንጫናለን። የእሷ ሳቅ ለራሷ ካሜራ ጠላት፣ ለእኛ ግን ሲሳይ ሆነ።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ቆሙና በጣታቸው እኔን አመለከቱ። «አንቺ ታነሺኛለሽ።»

«የእሳቸውን ጭንቅላት ከቆረጥሽ የኛም መቆረጡ ነው» አለች ነርሷ በጆሮዬ።

ጭንቅላታቸውን መሐል ላይ አደረግኩት፤ ከላያቸው ሰማይ ትርፍርፍ ብሎ እንዲታይ። ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው። አንድ አነሳሁ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገምኩ፤ አሁንም ጨፈኑ። ሦስተኛውን ልጫን ስል ነፋሱ መጣና ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አንስቶ ወደ ሰማይ ወሰደው። ሊቀመንበሩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆባቸውን ለመያዝ ዘለሉ፤ መላጣቸው አበራ፤ እንደ ልጅ ሳቁ። ጣቴ ሳላዘው ተጫነ።

ፎቶ ቤቱ እሑድ ስለማይሠራ ባለቤቱ ጨለማ ክፍሉን ለቀቀልን። ማተሙን ወርቅ ሠሪው ያውቁበት ነበር፤ እኛን ያስተማሩን ያን ቀን ነው። አራት ሰው በማይቆምበት ክፍል ውስጥ፣ ቀይ መብራት በርቶ፣ ክርን ለክርን እየተጋፋን ቆምን። ነጩ ወረቀት የፎቶ ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ምንም የለውም። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ይመጣል። ዓይን ይሆናል። ጆሮ ይሆናል። «መጡ! ሾፌሩ መጡ!» ትላለች ነርሷ፣ ዘመድ ከአውቶቡስ እንደሚወርድ። እያንዳንዱ ሰው ሲመጣ በጭብጨባ ነው የተቀበልነው።

እንዲደርቁ ሲሰቀሉ መምህሩ የወንዶቹን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ አስተያያቸው።

«ደስ ያለኝን ልናገር?» አለ። «ኮቱ። የዚህ ሰፈር ወንድ ሁሉ የለበሰው አንድ ኮት ነው።»

እውነቱን ነው። ያው ሰፊ ባለመስመር ኮት፣ ያው የተቀደደ የደረት ኪስ፣ በአጭሩም በረጅሙም፣ በወፍራሙም በቀጭኑም ላይ። የሩጫው ምሥጢር ያኔ ተገለጠልን። ወርቅ ሠሪው ከሳቃቸው የተነሳ መነጽራቸውን ውኃው ውስጥ ጣሉት።

የሊቀመንበሩ ፎቶ ላይ ግን ተከራከርን። ዓይናቸው የተገለጠው በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ቆባቸው አየር ላይ ነው፣ እሳቸውም አየር ላይ ናቸው። «ያስሩናል» አለ መምህሩ። «ይህን የመሰለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም» አልኩ እኔ። ወርቅ ሠሪው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ሰው ነው ያነሳሽው። ይሰቀል» አሉ።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ገና በሩ ሲከፈት ሞላ። ሰው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ራሱን ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ይጮኻል፤ ጎረቤቱን ይጠራል። ባለሬዲዮዋ ሬዲዮኗን ይዛ መጥታ ከፎቶው ጋር አስተያየችው። እኛ አራታችን ጥግ ላይ ቆመናል። ሊቀመንበሩ ገቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እያንዳንዱን እያዩ መጡ፤ መጡና ከራሳቸው ፊት ቆሙ።

ቆባቸውን ቀስ ብለው በእጃቸው ጫን አደረጉት። ቅንድባቸው ከፍ ይበል አይበል ለማየት አንገቴን ሰገግኩ። ከኋላቸው ባለቤታቸው፣ አጭርና ደልደል ያሉ ሴት፣ ብቅ አሉ። ፎቶውን አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው ከግድግዳው ነቀሉትና ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይሄ የኔ ነው» አሉና ወጡ።

ይህን መጀመሪያ ማን እንዳየ አላውቅም፤ ግን ሁሉም አይቷል። ሾፌሩ የራሳቸውን ነቀሉ። ባለሬዲዮዋ ነቀለች። «ለካ ይወሰዳል!» ሲል የአንዱ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው የገበያ ቀን ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ባለጢሞቹ ብቻ ቀሩ። ይህን ጊዜ ጥበቃው እየሮጠ ገባ።

«እንግዶቹ መጡ! መኪናቸው ታጥፏል!»

ሊቀመንበሩ ባዶውን ግድግዳ አዩ፣ እኛን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። መልስ የሰጠቻቸው ነርሷ ናት። ወንበር ላይ ወጥታ፣ በሽተኛ በምታዝዝበት ድምፅ ጮኸች።

«ፎቶ የወሰደ ሁሉ ወደ ግድግዳው! በቦታችሁ! ፎቷችሁን ደረታችሁ ላይ ያዙ!»

ሰዉ ተሯሯጠ። እንግዶቹ ሲገቡ የእሪ በከንቱ ሕዝብ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እያንዳንዱ የራሱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። የሊቀመንበሩ ባለቤት ከደጅ ተጠርተው መሐል ላይ ቆመዋል። ከእንግዶቹ ዋናው፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተራመዱ ፎቶውንም ሰውየውንም አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሕያው ኤግዚቢሽን ነው፣ ጓድ» አሉ ሊቀመንበሩ። ከየት እንዳመጡት እስካሁን ይገርመኛል።

እንግዳው ወንዶቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ኮቱስ? የቀበሌው ዩኒፎርም ነው?»

«እኔ ራሴ የሰፋሁት ነው፣ ጓድ» አሉ ሊቀመንበሩ። ውሸት እንዳልሆነ የገባን ኋላ ነው፤ ኮቱን የዛሬ ስንት ዓመት ለሾፌሩ ሠርግ የሰፉት እሳቸው ነበሩ።

እንግዳው ከሊቀመንበሩ ባለቤት ፊት ሲደርሱ ፎቶውን ብዙ አዩት። ሊቀመንበሩን ዞረው አዩ። እንደገና ፎቶውን። ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁና ሳቁ፤ ከልባቸው፣ ድምፅ አውጥተው። እሳቸው ሲስቁ አዳራሹ በሙሉ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀው። ጭብጨባው ከየት እንደጀመረ አላውቅም። መምህሩ ሁለት እጁን አንስቶ ሲያጨበጭብ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ባለቀለም ወረቀት እየመታ ያወርደዋል።

በዓሉ ሲያበቃ ሰዉ አለቀቀንም። ከቤት ወደ ቤት አዞሩን፤ ጠላ ቀዱልን፤ ከበሮ መጣ፤ ወርቅ ሠሪው ኮፍያቸውን ለነርሷ ሰጥተው እስክስታ ወረዱ። ባለቲማቲሟ አንድ ቅርጫት ሙሉ ለእኔ ሸለመችኝና «ቁጭ በይበት!» አለችኝ።

ማኅበራችን ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመታት ቆየ። ነርሷ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል ተመድባ ስትሄድ እሑዳችን ጎደለ፤ በየወሩ ግን የሚንቀጠቀጡ ፎቶዎቿ በፖስታ ይመጡ ነበር። እኛም ጠረጴዛው ላይ ደርድረን አስተያየታችንን ጽፈን እንመልስላታለን።

ያን የበዓል ቀን አመሻሽ ላይ ከእሪ በከንቱ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። ሮጠን ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባን። ርሰናል፤ እግራችን ጭቃ ነው፤ አንዱ ሊያወራ ሲጀምር ሌላው ይስቅና ያቋርጠዋል። ወርቅ ሠሪው ካሜራቸውን ከካፖርታቸው ውስጥ አውጥተው ዘረጉት።

«ፊልም አለዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«የለኝም» አሉ። «ዝም ብላችሁ ቁሙ።»

ሦስታችን ተጠጋግተን ቆምን። መምህሩ ፀጉሩን በመዳፉ አስተካከለ፣ ነርሷ አንገትጌዋን ቀና አደረገች። ወርቅ ሠሪው ዝናቡ ውስጥ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ ወስደው አለሙን። ዝናቡ ትከሻቸው ላይ ይዘንባል፤ እኛም ከቁም ነገር ቆጥረነው አንነቃነቅም። ካሜራው ቀጭ ሲል «በጣም ቆንጆ ናችሁ» አሉን።